እንጀራውን ብሉ፣ እጃችሁን ለምን እንደምታወጡም ንገሩን

ይድረስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለምትወዳደሩ ዕጩዎች፤ በተለይ አበሻ በብዛት በሚኖርባቸው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በኮሎራዶ፣ በኔቫዳና በሲያትል አካባቢ ደጅ ለምትጠኑ

ክቡራን ዕጩዎች፣

የምርጫ ሰሞን መድረሱን እኛ የምናውቀው በአዳራሻችን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሱፍ የለበሰ እንግዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል። አንዲት እናት ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል ታደርግለታለች። "ሰላም! አመሰግናለሁ!" ሲል እልልታው ይቀልጣል። ስለ ታታሪነታችን ይናገራል፤ ቡናችንን ያደንቃል፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ደስ ይላል። እንግዳ እንወዳለን። ችግሩ በማግስቱ ነው። ያልነበረ ሰው "ምን አለ?" ብሎ ሲጠይቀን እርስ በርስ እንተያያለን።

"አቋሜ" ብላችሁ በየበራችን የምትሰኩትን ወረቀት ከሁለቱም ፓርቲ ሰብስቤ አንብቤያለሁ። የኢሚግሬሽን ሥርዓቱ ተበላሽቷልና ይስተካከል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አቅሙ የሚፈቅደውን ሕክምና ያግኝ። ከሠራተኛው ጎን ነን። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን የሚቃወም ሰው አለ? የአንዱን ዕጩ ስም ፍቃችሁ የሌላውን ብትጽፉበት ማንም አያውቅባችሁም።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን አስጠናለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እናንተን ይመለከታል። "የተወካይዎን ስም ይናገሩ" ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው "ጄሚ ራስኪን" ብሎ ይመልሳል። የእኛ ሰፈሩ "ዶን ባየር" ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ግን "ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለንም" ቢል ትክክል ይባልለታል። ጉዱን ፈተናው ራሱ አምኗል ማለት ነው! ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ታክሱን እየከፈለ ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የለውም። ዲሲን ስቴት የሚያደርገው ረቂቅ በ2020 እና በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ሴኔት ላይ ቀርቷል። እዚህ ላይ አቋማችሁን የጻፋችሁ ጥቂት ናችሁ።

ተማሪዎቼ ቀን ፓርኪንግ ሠርተው፣ ማታ ኡበር ነድተው ነው የእናንተን ስም የሚሸመድዱት። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ወዲህ ላመለከተ ሰው ደግሞ ጥናቱ በዝቷል። 100 የነበረው ጥያቄ 128 ሆኗል፤ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ ግድ ነው። እነሱ እናንተን ለማወቅ ይህን ያህል ከለፉ፣ እናንተም እጃችሁን ለየትኛው ሕግ እንደምታወጡ ብትነግሯቸው አይበዛባችሁም።

የኮንግረስ ሥራ መጨረሻው አዎ ወይም አይ ነውና። በሜይ 2025 ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ ከተወካዮች ምክር ቤት ሲወጣ ውጤቱ 215 ለ214 ነበር። በአንድ ድምፅ! ሴኔት ውስጥ 50 ለ50 ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው የለዩት። ተመልሶ መጥቶ በ218 ለ214 አለፈ፤ ጁላይ 4 ቀን ተፈረመ። "እኔ አንድ ሰው ብቻ ነኝ፣ ምን አደርጋለሁ" የምትለው ሰበብ ከዚያ ቀን ወዲህ አትሠራም።

ያ ሕግ ቤታችን ድረስ ገብቷል። አንዱን ላሳያችሁ። ተማሪዎቼ የሚሄዱበት የአበሻ ሱቅ አለ። የበርበሬና የሽሮውን መደርደሪያ፣ የጤፉን ከረጢት አልፋችሁ ስትገቡ ጥግ ላይ ገንዘብ የሚላክበት መስኮት ታገኛላችሁ። አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ የታጠፉ ባለ 20 ዶላሮችን ከኪሱ እያወጣ ይቆጥራል። ለእናቱ የስኳር መድኃኒት 200 ዶላር ሊልክ ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ በዚያ ላይ የፌዴራል መንግሥት 2 ዶላር ይወስዳል፤ 1 በመቶ መሆኑ ነው። አጠገቡ የቆመው ሰው ከባንክ ሒሳቡ ወይም በአሜሪካ ባንክ ካርድ ቢልክ ምንም አይከፍልም። የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ወይም ማኒ ኦርደርን የመሰለ ወረቀት የያዘው ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚይዘው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

2 ዶላር ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ወዴት እንደምትሄድ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ሲቀርብ ዜጋ ባልሆነ ሰው ላይ 5 በመቶ ነበር። ወደ 3.5 ወረደ፤ ከዚያ 1 ሆኖ በሁሉም ላይ ተጣለ። አንዴ በሩ ከተከፈተ ወደ 5 መመለሱ አንድ ድምፅ ቆጠራ ነው የሚቀረው። ሰዉ ደግሞ ሲጨንቀው ከሕጋዊው መስመር ውጪ ወደሚላክበት ሐዋላ ያዘነብላል፤ ያኔ ታክሱም የለ፣ ደረሰኙም የለ። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ይህን ታክስ ታነሱታላችሁ፣ ባለበት ትተዉታላችሁ፣ ወይስ ትጨምሩበታላችሁ?

ኢሚግሬሽን ላይ ሰፋ አድርጌ እንድጽፍ ፍቀዱልኝ፤ የእኛ ሆድ ቁርጠት እሱ ነው።

ከሁሉም ወረቀቶች ላይ የማይጠፋ ሐረግ አለ፦ ሁለንተናዊ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ። ጆሮ ላይ ማር ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እኔም አጨበጭብ ነበር። ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በ2013 ሴኔት በዚህ ስም አንድ ትልቅ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ 68 ለ32፣ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ተባብረው። ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች መንገድ ይከፍት ነበር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ረቂቅ ዲቪ ይሰረዝ ነበር። ዜጋ የሆነ ሰው እህት ወንድሙን የሚያመጣበት መስመርም ይዘጋ ነበር። ለወዳጅነታቸው እልል የምንልላቸው ሰዎች ናቸው ለዚያ እጃቸውን ያወጡት። ረቂቁን የተወካዮች ምክር ቤት ሳያነሳው ቀረ እንጂ፣ ሕግ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አዳራሻችን ውስጥ ካሉት ወንበሮች ስንቱ ባዶ ይሆን ነበር?

ዲቪ የተወለደው ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ ነው፤ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዲቪ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መግለጽ ይከብዳል። ፎቶ ቤቱ፣ ኢንተርኔት ካፌው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ሰሞን አንድ ወሬ ያወራል። እዚህ ደግሞ በዲቪ መጥቶ ነርስ የሆነው፣ የጭነት መኪና የሚነዳው፣ ሱቅ የከፈተው አጠገባችሁ ተቀምጦ ነው ክትፎውን የሚያቀርብላችሁ። እሱ ፊት ዲቪን ማመስገን ቀላል ነው። ነገ አንድ ትልቅ ስምምነት ሲመጣና ዲቪ ለመደራደሪያ ሲቀርብ ምን ታደርጋላችሁ? እምቢ ትላላችሁ? ወይስ ለበለጠ ጥቅም ብላችሁ ትሰጡታላችሁ? "እሰጣለሁ" የሚል ሐቀኛ ሰው ካለ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱን ይንገረንና እንከራከር።

ቲፒኤስም፣ አገሩ በጦርነት ወይም በአደጋ ለታመሰ ሰው የሚሰጠው ጊዜያዊ ከለላ፣ እንደዚያው ነው። ይህም ከ1990ው ሕግ የመጣ ነው። ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በዲሴምበር 2022 ነበር። በ2024 ተራዘመ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ መንግሥት ማብቃቱን አስታወቀ። በዚህ መሀል ሰው ሥራ ይዟል፣ ቤት ተከራይቷል፣ ልጅ ወልዷል። ቲፒኤስ ብቻውን ወደ ግሪን ካርድ የሚያደርስ መንገድ የለውም። እንዳይኖረው ያደረገው ፕሬዚዳንት ሳይሆን ኮንግረስ ነው። በ2019 እና በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱ ልጅ ሆነው ለመጡትና ለአንዳንድ የቲፒኤስ ባለቤቶች ግሪን ካርድ የሚሰጥ ረቂቅ አሳልፎ ሴኔት ላይ ቀርቷል። ያኔ ኢትዮጵያ ቲፒኤስ አልነበራትም። እንዲህ ዓይነት ረቂቅ እንደገና ቢመጣ ኢትዮጵያውያን ይካተቱበት ዘንድ ትጠይቃላችሁ?

የቤተሰብ ጉዳይም አለ። አንድ ዜጋ ለወንድሙ ካመለከተ ከ15 ዓመት በላይ ይጠብቃል። ሲያመለክት ወጣት የነበረው ወንድም ቪዛው ሲደርስ ፀጉሩ ሸብቷል። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ማቆሙን አስታወቀ። ይህ የፕሬዚዳንቱ መንግሥት ውሳኔ ነው፤ እናንተ "በመጀመሪያ ቀኔ እሽረዋለሁ" ብትሉን አናምናችሁም። ኮንግረስ ግን ሕግ ማውጣት፣ ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅ፣ በጀት መያዝ ይችላል። ከሦስቱ የትኛውን እንደምታደርጉ ንገሩን። በእጃችሁ የሌለውን ቃል አትግቡልን፤ የላም አለኝ በሰማይ ጠግበናል።

የአሳይለም (የጥገኝነት) ጠያቂውን ክፍያ ሳልጠቅስ አላልፍም። ቀድሞ ማመልከቻው ነፃ ነበር። በ2025ቱ ሕግ 100 ዶላር ሆነ። ኬዙ ሳይታይ ለሚያድርበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሌላ 100 ዶላር ተጨመረ። የመጀመሪያው ወርክ ፐርሚት 550 ዶላር ገባ። ወርክ ፐርሚት ያልያዘ ሰው 550 ዶላር ከየት አምጥቶ ነው ወርክ ፐርሚት የሚያወጣው? ይህን የጻፈው ሰው ያሰበበት አይመስለኝም። ወይም አስቦበታል።

ወደ ሕክምናው ልለፍ። ኡበር የሚነዳ ሰው ኢንሹራንስ የሚገዛለት አሠሪ የለውም። ስለዚህ ብዙው አበሻ ሾፌር በኦባማኬር ገበያ ይገዛል። ከ2021 ጀምሮ የነበረው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ አበቃ። ገቢው ከድህነት መስመሩ 4 እጥፍ ያለፈ ሰው ድጎማው ጭራሽ ቀረበት። ባልና ሚስት ተባብረው ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ያንን መስመር በትንሽ ያልፉታል፤ ከዚያ የወር ክፍያው ሰማይ ይነካል። በ2025 መንግሥት ለ43 ቀን የተዘጋው በዚሁ ጉዳይ ነበር። በነዚያ ሳምንታት ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ የሚሠሩ ተማሪዎቼ ሺፍታቸው ተቀንሶባቸዋል፤ የፌዴራል ሠራተኛ ካልመጣ መኪና የሚያቆም የለማ። የፌዴራል ሠራተኛው በኋላ ደመወዙ ተከፈለው። የፓርኪንግ ሠራተኛውን የካሰው ግን የለም። ድጎማውን ትመልሳላችሁ? ከመለሳችሁ ገንዘቡን ከየት? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ይመለስልን።

ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም አሳይለም ያገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ፣ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር በፌዴራል ሕጉ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ አያገኝም። ይህ ቀን የሚመጣው ከምርጫው አንድ ወር ቀድሞ ነው። አንዳችሁም በወረቀታችሁ ላይ አልጠቀሳችሁትም።

ስለ ደመወዝ አጭር ልበል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ቲፕ (ጉርሻ) ለሚቀበል ሠራተኛ 2.13 ዶላር ነው፤ ይሄኛው ከ1991 ጀምሮ። ሜሪላንድና ዲሲ የራሳቸውን ከፍ ስላደረጉ እዚህ ያለነው ብዙም አይሰማንም። ሕጉ የፌዴራሉን ብቻ በሚከተልባቸው ስቴቶች፣ ቴክሳስና ጆርጂያን በመሳሰሉት፣ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ያውቁታል። "ቲፕ ላይ ታክስ የለም" የሚለውን አንዳንዶቻችሁ በትልቁ ጽፋችሁታል። እውነት ነው፣ እስከ 25 ሺህ ዶላር ቲፕ ከገቢ ታክስ ይቀነሳል። ግን እስከ 2028 ብቻ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቆራጩም አልተነካም። ይህንንም በትልቁ ጻፉት። ሾፌሮቹን በተመለከተ፣ ሠራተኛ ናቸው ወይስ በራሳቸው የሚሠሩ ነጋዴዎች? ፕሮ አክት የሚባለው የመደራጀት መብት ረቂቅ በ2020 እና በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ነበር። ተመልሶ ቢመጣ አዎ ወይስ አይ?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ፤ ስለ ኢትዮጵያ።

እኛ አንድ አይደለንም። ይህን ከደበቅኳችሁ እዋሻለሁ። በ2018 ኤች አር 128 የተባለው የሰብአዊ መብት ውሳኔ ሲገፋ ብዙው ሰው በአንድ ላይ ቆሞ ነበር። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ናቸው። ለድምፅ እንዲቀርብ ከገፉት አንዱ ደግሞ የኦሮራ፣ ኮሎራዶው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማን ነበሩ፤ ብዙ አበሻ መራጭ ስላላቸው። ኤፕሪል 10 ቀን አለፈ። አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ ግን መደራጀት ምን እንደሚያመጣ አየን። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኮፍማን ተሸነፉ። አበሻ ብቻውን ዲስትሪክት አያሸንፍም፤ ይህንንም እኛው ልንነግራችሁ ይሻላል።

በ2022 ግን ኤች አር 6600 ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ረቂቁን ያቀረቡት የምክር ቤቱ አባል ቶም ማሊኖውስኪ ነበሩ፤ በኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት የሚጣል ማዕቀብ ነበረበት። አንዱ ወገን "ይውደቅ" ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ ሌላው ወገን "ይለፍ" ብሎ ጮኸ። ሁለቱም መራጮች ናቸው፤ ሁለቱም ዘመድ የቀበሩ ናቸው። ሕግ ሳይሆን ቀረ።

እዚህ ላይ ነው አንዳንድ ዕጩዎች የሚበልጡን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገራችን ሰው። ጠዋት አንዱ አዳራሽ "ከእናንተ ጋር ነኝ" ይሉና፣ ከሰዓት ከዚያ በ10 ደቂቃ መንገድ ላይ ያለው ሌላ አዳራሽ ገብተው እንደዚያው ይላሉ። አትድከሙ። ቪዲዮው ማታ በቴሌግራም ይደርሰናል፤ ጎን ለጎን አስቀምጠን እናየዋለን። ለአማራው፣ ለኦሮሞው፣ ለትግራዩ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ስጡ። የማንወደው መልስ ቢሆን እንኳ ቢያንስ አንድ ነው።

የምትጨብጡት ነገር ከፈለጋችሁ አጎዋ አለ። ኮንግረስ በ2000 ያወጣው ሕግ ነው፤ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅዳል። ማን ይካተት፣ ማን ይውጣ የሚለውን ግን ለፕሬዚዳንቱ ትቶታል። ኢትዮጵያ በጦርነቱ ምክንያት ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ወጣች። ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የልብስ ኩባንያ ገና ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጦርነቱን ያዘዘ ሰው ሥራውን አላጣም። ያጣችው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋዋ ልጅ ናት። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ተፈርሟል። አጎዋ ሲታደስ ቅጣቱ ሹሙን እንጂ ሠራተኛዋን እንዳይመታ ሕጉን ለማስተካከል ሐሳብ ያለው ዕጩ አለ? ይህን ጥያቄ ከመራጭ ሰምታችሁት እንደማታውቁ እገምታለሁ። አሁን ሰማችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ይሄኛው ድምፅ አሰጣጥ እንኳ አይጠይቅም። የኮንግረስ አባል እስከ 18 ቋሚ ሠራተኛ መቅጠር ይችላል። ከነሱ የአንዳንዶቹ ሥራ የሕዝቡን ኬዝ መከታተል ነው። ግሪን ካርዱ የዘገየበት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ፈቃዱን ፈርሞ ቢሰጣችሁ ቢሯችሁ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ ነዋሪ መሆን በቂ ነው። ይህን የሚያውቅ አበሻ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስንቱ ለማይረባ ኬዝ ጸሐፊ ሺህ ዶላር ከፍሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከስድስቱ ዋና ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። እናንተስ? ከተመረጣችሁ ዲስትሪክት ቢሯችሁ ውስጥ አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ትቀጥራላችሁ? ስልኩን አንስቶ "ጤና ይስጥልኝ" የሚል ሰው ከነጠላው ፎቶ የበለጠ ይጠቅመናል።

መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልን። አቋማችሁን ብቻ አትንገሩን፤ የረቂቁን ስም ጥቀሱና አዎ ወይም አይ በሉ። ያልወሰናችሁበት ነገር ካለ "አልወሰንኩም" ብላችሁ ጻፉ፤ አንቀየምም። ቨርጂኒያ ውስጥ ቅድመ ምርጫ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ብዙዎቻችን ማክሰኞ ሥራ ስለሆንን ድምፅ የምንሰጠው ያኔ ነው። ስለዚህ መልሱ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በፊት ይድረሰን። በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ አማርኛውን እኛ እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ መራጭ